ቀለም ቀቢው ለክሌርና የድርሻ ሥርዓቱ

የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ አነስተኛ የሙያ አገልግሎት ድርጅቶች ዕድገት አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ በመጀመሪያ ወደ ሐሳቤ የመጣው አንድ የተዘጋ በር ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ የጀመርኩት ዐሥር በማንሞላ ሰዎች በሚንቀሳቀስ አንድ የምሕንድስና ቢሮ ውስጥ ነበር። ባለቤቱ በሙያው የተመሰገነ፣ ሌሊቱን ከቀን የማይለይ ትጉህ ሰው ነበር። ደንበኛ የሚያነጋግር እርሱ፣ ዋጋ የሚያወጣ እርሱ፣ ስሌት የሚያርም እርሱ፣ ደመወዝ የሚከፍልም እርሱ ነበር። ታመመና በጥቂት ወራት ውስጥ ዐረፈ። ከዚያ በኋላ ቢሮው አንድ ዓመት እንኳ አልቆየም። ወራሾቹ ጠረጴዛውንና የመለኪያ መሣሪያውን ተካፈሉ፤ እኛም በየፊናችን ተበተንን፤ የብዙ ዓመት ፕላንም በአንድ መጋዘን ውስጥ አቧራ ለብሶ ቀረ። ይህን የማነሣው ሟቹንም ሆነ ወራሾቹን ለመውቀስ አይደለም። በእኛ ሙያ ይህን መሰል ታሪክ የማያውቅ ሰው ጥቂት ስለ ሆነ ነው።

ይህ ነገር ሲያብሰለስለኝ ከቆየ በኋላ፣ ጥያቄውን ከእኛ አስቀድሞ ያነሣና በዕድሜው ሙሉ የታገለበት አንድ ሰው አገኘሁ። ኤድም ዣን ለክሌር የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ስሙ በኢኮኖሚ ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ሠራተኞችን የትርፍ ተካፋይ በማድረግ ቀዳሚ ከሆኑት ሰዎች ጋር ይጠራል። መሐንዲስ አልነበረም፤ የቤት ቀለም ቀቢ ነበር። ሆኖም የሠራው ሥራ ለእኛ ለግንባታ ሰዎች ከማንኛውም ኢኮኖሚስት ሥራ ይልቅ የሚቀርብ ስለ መሰለኝ የሕይወቱን ታሪክ በአጭሩ ለማቅረብ መረጥኩ። የለክሌርና የድርጅቱ ታሪክ ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ለክሌር በ1801 ቡርጎኝ በሚባለው የፈረንሳይ አውራጃ፣ ኤዚ ሲዩር አርማንሶን በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። አባቱ ድኻ ጫማ ሠሪ ነበር። ልጁ ዐሥር ዓመት ሲሞላው ማንበብና መጻፍን በቅጡ ሳይጨብጥ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ከብት ጠባቂ ሆነ። ቀጥሎም ከግንበኛ ዘንድ ድንጋይ አቀበለ፤ በእርሻም በቀን ሠራተኛነት አገለገለ። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነው ሣር ለማጨድ ወደ ፓሪስ አካባቢ ከሚጓዙ ሰዎች ጋር ተቀላቅሎ መንደሩን ለቀቀ። በዋና ከተማው የሚያውቀው ሰው አልነበረም። አንድ ቀለም ቀቢ ዘንድ በተለማማጅነት ተቀጠረና ብርድንና ረሀብን እየቻለ ሙያውን ተማረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጥሩ ባለሙያ ተብሎ ሙሉ ደመወዝ ያገኝ ጀመር፤ በማታም የጎደለውን የንባብና የሒሳብ ትምህርት በራሱ ጥረት አሟላ። በ1827 ባጠራቀማት ትንሽ ገንዘብ የራሱን የቀለም ቅብና የመስታወት ገጠማ ሥራ ከፈተ።

በዚያን ጊዜ የፓሪስ ቀለም ቀቢዎች ስም ጥሩ አልነበረም። መጠጥ ይወዳሉ፣ ሰዓት አይጠብቁም፣ ቀለም ይሰርቃሉ እየተባሉ ይታሙ ነበር። አሠሪዎቹም ከእነርሱ አይሻሉም ነበር፤ እርስ በርሳቸው ዋጋ እየሰበሩ ሥራውን ይወስዱና ከሠራተኛው ደመወዝና ከቀለሙ ላይ እየቀነሱ ያካክሱ ነበር። ይህ ለእኛ እንግዳ ወሬ አይደለም። እኔ ራሴ በተቆጣጣሪነት በቆምኩባቸው ሥራዎች ሦስት እጅ ተብሎ የተከፈለበት ግድግዳ ሲፋቅ ሁለት እጅ ሆኖ ሲገኝ፣ ያውም ሁለተኛው እጅ ከውሃ እምብዛም የማይሻል ሆኖ አይቻለሁ። የቀለም ሥራ ከሌላው የግንባታ ሥራ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ምሰሶ ሲሞላ ብረቱን ቆጥረን፣ ኮንክሪቱን ለክተን፣ ናሙና ወስደን እናረጋግጣለን። ቀለም ግን ከደረቀ በኋላ ሁሉም አንድ ይመስላል፤ ልዩነቱ የሚታየው ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። በዚያ ላይ ሠራተኞቹ ሁለትና ሦስት እየሆኑ በከተማው ሁሉ፣ በሰው ቤት ውስጥ ተበትነው ይውላሉ። ባለቤቱ ፈረስ ቢጋልብ እንኳ በቀን ከጥቂቶቹ በላይ ሊያይ አይችልም። ስለዚህ የቀለም ቅብ ድርጅት የሚያድገው የባለቤቱ ዐይን እስከሚደርስበት ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ጥራቱ ይወድቃል፣ ስሙም አብሮ ይወድቃል። ለክሌር ዕድሜውን ሁሉ የታገለው ከዚህ ወሰን ጋር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በመጀመሪያ የሞከረው መፍትሔ ቀላሉን ነበር። በ1829 የሰባት ቤቶችን የቀለምና የመስታወት ሥራ በ20,000 ፍራንክ በኮንትራት ያዘ። ለእንደ እርሱ ያለ ጀማሪ ይህ የድፍረት ሥራ ነበር። ከገበያው የበለጠ የቀን ደመወዝ እየከፈለ የተሻሉትን ባለሙያዎች ሰበሰበ፤ ሥራውንም በጥራትና በፍጥነት ጨርሶ የአርክቴክቶችን አመኔታ አገኘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የፈረንሳይ ባንክን የመሰሉ ታላላቅ ደንበኞች መጡለት። ነገር ግን የሠራተኞቹ ቁጥር ሲበዛ ጥሩ ደመወዝ ብቻውን እንደማይበቃ ተረዳ። ደመወዝ ጥሩ ሠራተኛን ወደ በሩ ያመጣል፤ ሠራተኛው በሰው ሳሎን ውስጥ ብቻውን ሲሆን ብሩሹን አጥቦ እንዲያስቀምጥ ግን አያደርገውም።

በ1838 የሠራተኞቹን የመረዳጃ ማኅበር አቋቋመ። ይህ በእኛ አገር ልማድ ለማንም የሚገባ ነገር ነው፤ በአሠሪ አነሣሽነት የተቋቋመ የመሥሪያ ቤት እድር ማለት ይቻላል። አባላቱ በየወሩ ያዋጣሉ፤ የታመመው ሐኪምና መድኃኒት፣ ከሥራ የቀረው የዕለት ጉርሱን ያገኛል። ማኅበሩ የተቋቋመው ለዐሥራ አምስት ዓመት ሲሆን፣ ዘመኑ ሲያልቅ በሣጥኑ የተረፈው ገንዘብ ለአባላቱ እንዲከፋፈል በደንቡ ተጽፎ ነበር። ይህ ትንሽ አንቀጽ በኋላ ትልቅ ጣጣ ስላመጣ አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

የትርፍ ክፍፍሉ ሐሳብ ከራሱ የመነጨ አልነበረም። ፍሬዢዬ የሚባል የፓሪስ አስተዳደር ባለሥልጣን በ1835 ገደማ ሁለቱ ሲጨዋወቱ በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ያለው ጠብ የሚበርደው ሠራተኛው የትርፍ ተካፋይ ሲሆን ብቻ እንደ ሆነ ነግሮት ነበር። ለክሌር በመጀመሪያ የማይሆን ነገር ነው ብሎ ተወው። ከዓመታት በኋላ ግን እንደ ገና አነሣውና ወረቀትና እርሳስ ይዞ ያሰላ ጀመር። ስሌቱ እንደሚከተለው ነበር። አንድ ሠራተኛ ልቡን ሰጥቶ ቢሠራ፣ የሥራውን ሰዓት ሳያስረዝም በቀን 60 ሳንቲም የሚያወጣ ተጨማሪ ሥራ መሥራት ይችላል። ቀለም ባያፈስስ፣ ብሩሹንና መሰላሉን ቢጠብቅ ደግሞ በቀን 25 ሳንቲም ያድናል። በድምሩ 85 ሳንቲም መሆኑ ነው። 300 ሠራተኞች በዓመት 300 ቀን ቢሠሩ ከ75,000 ፍራንክ በላይ ይሆናል። ይህ ገንዘብ ከአሠሪው ኪስ የሚወጣ አይደለም፤ ከሠራተኛውም ደመወዝ የሚቀነስ አይደለም። እስከ ዛሬ በየግድግዳው ሥር ሲፈስስ የኖረ ገንዘብ ነው። ስለ ለክሌር የሚጽፉ ብዙ ሰዎች ለጋስነቱን ያወድሳሉ፤ ለጋስ ሰው እንደ ነበረም አልክድም። እኔን ግን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ይህ ስሌት ነው። የባለቤቱ ዐይን በማይደርስበት ቦታ የሚጠፋውን ነገር በቁጥር ለክቶ፣ በቦታው ካለው ሰው በስተቀር ሊያድነው የሚችል እንደሌለ ዐወቀ፤ ስለዚህ የሚያድነው ሰው የሚያገኝበትን መንገድ ፈለገ።

በ1842 ከዓመቱ ትርፍ ላይ ለሠራተኞቹ እንደሚያካፍል አስታወቀ። ለራሱ የካፒታሉን ወለድና የአስተዳዳሪነት ደመወዙን ከወሰደ በኋላ፣ የተረፈው በእያንዳንዱ ሰው የዓመት ደመወዝ ልክ ይከፋፈላል ማለቱ ነበር። በመጀመሪያ መብቱን የሰጠው ለሁሉም ሳይሆን ለተመረጡ ነባር ሠራተኞች ነበር። ምስጋና የሚጠብቅ ከነበረ ያገኘው ሌላ ነው። ላቴሊዬ የተባለው የሠራተኞች ጋዜጣ ነገሩ ደመወዝ ለመቀነስ የተዘረጋ ወጥመድ ነው ብሎ ጻፈበት። ፖሊስ በበኩሉ ሠራተኞቹን ሰብስቦ ዕቅዱን እንዳያስረዳ ፈቃድ ነሣው፤ በዚያ ዘመን መንግሥት ሠራተኞች አንድ ላይ ተሰብስበው ስለ ትርፍ ሲነጋገሩ ማየት አይወድም ነበር። ከሠራተኞቹም ብዙዎቹ አላመኑትም፤ በዚህም አልፈርድባቸውም። አሠሪ በቃሉ ብቻ የሰጠውን ተስፋ ያመነ ሠራተኛ ስንት ጊዜ እንደ ተታለለ ሁላችንም እናውቃለን።

ለክሌር ግን ሙግት አልገጠመም። የመጀመሪያው ክፍያ ቀን ሲደርስ የተካፋይነት መብት ያገኙትን 44 ሰዎች ሰብስቦ፣ ወደ 12,000 ፍራንክ ገደማ ወርቅ የያዘ ከረጢት በጠረጴዛው ላይ አኖረና ለእያንዳንዱ ድርሻውን ቆጥሮ ሰጠ። በአማካይ ለአንድ ሰው ከ250 ፍራንክ በላይ ደረሰው። ከዚያች ቀን በኋላ የጥርጣሬው ወሬ እየጠፋ ሄደ።

ወደ ድርጅቱ አወቃቀር ከመግባቴ በፊት በአንድ ሌላ ሥራው ላይ ጥቂት መቆየት እወዳለሁ፤ የእኛ አንባቢዎች ሳይሰሙት ቢያልፍ ይቆጨኛልና። በዚያ ዘመን ነጭ ቀለም ማለት የእርሳስ ነጭ ማለት ነበር። ከእርሳስ የሚገኘው ይህ ዱቄት በተልባ ዘይት ሲታሽ በደንብ ይሸፍናል፤ ቶሎም ይደርቃል። ነገር ግን መርዝ ነው። ቀለም ቀቢው አሮጌውን ቀለም ሲፍቅ አቧራውን ይተነፍሳል፤ በእጁም እንጀራውን ይበላል። ሆዱን ይቆርጠዋል፣ እጁ ይዝላል፣ በመጨረሻም ሽባ የሚሆን ነበር። ለክሌር በመረዳጃ ማኅበሩ መዝገብ ላይ የበሽተኞቹን ስም ሲያይ የሆድ ቁርጠቱ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በቁጥር ታየው። ከእርሳስ ይልቅ ዚንክን መጠቀም እንደሚቻል ጊቶን ደ ሞርቮ የተባለው የዲዦን ኬሚስት በ18ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ አሳይቶ ነበር፤ ግን ዋጋው ውድ ስለ ነበረና ቀለሙም ቶሎ ስለማይደርቅ የተጠቀመበት አልነበረም። ከመንደር ትምህርት ቤት በዐሥር ዓመቱ የወጣው ለክሌር ኬሚስትሪ ለመማር በፓሪስ ከሚሰጡት ንግግሮች ላይ ተቀመጠ፤ ባለሙያም አማከረ። በ1840ዎቹ አጋማሽ የዚንኩን ነጭ በብዛት የሚያመርትበትን ዘዴ ሥራ ላይ አዋለ። ዚንክ በምድጃ ውስጥ እስኪተን ድረስ ይሞቃል፤ ትነቱ ከአየር ጋር ሲገናኝ ይቃጠልና እንደ ጢስ ያለ እጅግ የላመ ነጭ ዱቄት ይሆናል፤ ይህም በክፍሎች ውስጥ እየተንሳፈፈ ሲወርድ ይሰበሰባል። የመድረቁን ችግር ደግሞ ዘይቱን ከማንጋኒዝ ጋር በማፍላት አቃለለው። ማድረቂያው ራሱ እርሳስ ቢሆን ኖሮ ድካሙ ከንቱ በሆነ ነበር። የዚንክ ነጭ በአንድ እጅ የእርሳሱን ያህል አይሸፍንም፤ ነገር ግን በከሰል ጋዝ ጢስ አይጠቁርም፤ ሠራተኛውንም አይመርዝም። በዚህ ሥራው በ1849 የሌዥዮን ዶነር ሽልማት ተሰጠው። የእርሳስን ነጭ በቀለም ቅብ ሥራ የሚከለክለው የፈረንሳይ ሕግ የወጣው በ1909፣ የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ደግሞ በ1921 መሆኑን ስናስብ፣ ለክሌር ለራሱ ሠራተኞች ይህን ያደረገው ምን ያህል ቀድሞ እንደ ሆነ ይታያል። ዛሬ በዓለም ላይ ዚንክ ኦክሳይድ የሚመረትበት ዋናው መንገድ ፈረንሳዊው ዘዴ እየተባለ ይጠራል።

ወደ መረዳጃ ማኅበሩ ልመለስ። በ1853 የማኅበሩ ዐሥራ አምስት ዓመት ሞላ። አባላቱም በደንቡ መሠረት ሣጥኑ እንዲከፈትና ገንዘቡ እንዲከፋፈል ጠየቁ። ለክሌር ገንዘቡ ለጡረታ እንዲቆይ ቢወድም ደንቡ ግን ከአባላቱ ጋር ነበር። ገንዘቡ ተከፋፈለ፤ ለእያንዳንዱ ከ500 ፍራንክ በላይ ደረሰው። የዐሥራ አምስት ዓመት ጥሪት በአንድ ቀን አለቀ። እቁብ የጠጣ ሰው የሚያውቀው ደስታ ነው፤ ነገር ግን በማግስቱ ለሚታመም፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ ለሚያረጅ ሰው ምንም አልተረፈም። የሰው ጥፋት አልነበረም፤ ጥፋቱ በ1838 በተጻፈው አንቀጽ ውስጥ ነበር።

ለክሌር ከዚህ የተማረው ነገር የሥርዓቱ ሁሉ መሠረት ሆነ። በ1854 ማኅበሩን እንደ ገና ሲያቋቁም የገቢውን ምንጭ ከአባላት መዋጮ ይልቅ ከድርጅቱ ትርፍ ላይ አደረገው። ከዓመታት ክርክር በኋላ ደግሞ አባላቱ ሣጥኑን የመከፋፈል መብታቸውን እንዲተዉና ገንዘቡ ለጡረታ እንዲውል አግባባቸው። በ1863 ከዚህም አልፎ ማኅበሩን ራሱን የድርጅቱ ባለ ድርሻ አደረገው። መረዳጃ ማኅበሩ ገንዘቡን በድርጅቱ ውስጥ አስገብቶ፣ ኃላፊነቱ ባስገባው ገንዘብ የተወሰነ ሸሪክ ሆነ። ይህ ዐይነት ሽርክና በፈረንሳይ ሕግ የቆየ ነው። የእኛም የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ በፈረንሳይ ሊቃውንት የተረቀቀ ስለ ነበር፣ ሁለት ዐይነት ኃላፊነት ያለበት የሽርክና ማኅበር በሚል ስም ገብቶበታል። በሙያ ባልደረቦቼ መካከል ሲሠራበት ያየሁት ግን የለም።

የመጨረሻው መተዳደሪያ ደንብ የጸናው በ1869 መጀመሪያ ላይ ነው። የድርጅቱ ካፒታል 400,000 ፍራንክ ሆነ፤ ከዚህ ውስጥ ሁለቱ አስተዳዳሪዎች፣ ለክሌርና አልፍሬድ ደፉርኖ፣ እያንዳንዳቸው 100,000 ሲይዙ፣ 200,000ው የመረዳጃ ማኅበሩ ሆነ። ለካፒታሉ አምስት ከመቶ ወለድ ይከፈላል። ከዚያ በኋላ ከተጣራው ትርፍ ግማሹ ለሠራተኞች በየደመወዛቸው ልክ በጥሬ ገንዘብ፣ ሩቡ ለመረዳጃ ማኅበሩ፣ ሩቡ ለሁለቱ አስተዳዳሪዎች ይደርሳል። ከአሁን በፊት ድርሻ ለተመረጡት ብቻ ነበር፤ በአዲሱ ደንብ ግን ለጥቂት ቀናት የሠራ የቀን ሠራተኛ እንኳ በሠራው ልክ ይታሰብለታል። ሃምሳ ዓመት የሞላውና በድርጅቱ ሃያ ዓመት ያገለገለ የማኅበሩ አባል በዓመት 1,000 ፍራንክ ጡረታ ያገኛል፤ ሲሞትም ግማሹ ለሚስቱ ይተላለፋል።

የሙያ ባልደረቦቼ ልብ እንዲሉት የምፈልገው ለክሌር ድርሻውን በግለሰቦች ስም አለመበተኑን ነው። እያንዳንዱ ሠራተኛ አክሲዮን ይዞ ቢሆን ኖሮ፣ ሲሞት ለወራሹ፣ ሲቸገር ለአራጣ አበዳሪ ይሄድ ነበር፤ ከአንድ ትውልድ በኋላም የድርጅቱ ባለቤቶች ብሩሽ ጨብጠው የማያውቁ ሰዎች በሆኑ ነበር። ማኅበሩ ግን አይሞትም፣ አያገባም፣ አይወርስም። በጥሬ ገንዘብ የሚከፈለው ትርፍ ለዛሬው ሠራተኛ ነው፤ በማኅበሩ ስም የተቀመጠው ድርሻ ደግሞ ነገ ለሚመጣው ነው። ሁለቱን መለየት ቀላል ይመስላል። በአገራችን በወዳጅነት ተጀምረው በወራሾች ክርክር ፍርድ ቤት የገቡትን የሽርክና ሥራዎች ያየ ሰው ግን ቀላል እንዳልሆነ ይመሰክራል።

የአስተዳደሩ አሠራር ደግሞ እንዲህ ነበር። ከሠራተኞቹ መካከል አስኳል የሚባል ክፍል ተቋቋመ። ወደ አስኳሉ የሚገባው በሃያ አምስትና በአርባ ዓመት መካከል ያለ፣ ማንበብ፣ መጻፍና ሒሳብ የሚያውቅ፣ በሙያውና በጠባዩ የተመሰከረለት ሠራተኛ ነው። አስኳሉ ካፖዎቹን ይመርጣል፤ የአስተዳዳሪ ቦታ ሲጎድልም ተተኪውን ይመርጣል። ጥፋት ሲኖር የሚያየው የአስታራቂ ኮሚቴ ነው፤ በውስጡም አምስት ሠራተኞች፣ ሦስት የቢሮ ሠራተኞችና በሊቀ መንበርነት አስተዳዳሪው ይገኛሉ። ሰክሮ ሥራ የገባውን፣ ዕቃ ያባከነውን የሚመክረውና የሚቀጣው ይህ ኮሚቴ ነው። ካፖውን ራሳቸው የመረጡት ሰዎች ከካፖው ቀለም የሚደብቁበት ምክንያት አነስተኛ ነው፤ ባልደረባው ሲያባክን የሚያየውም ከራሱ ድርሻ ላይ እየፈሰሰ መሆኑን ያውቃል። ለክሌር በየቤቱ ሊያቆመው ያልቻለውን ተቆጣጣሪ በዚህ መንገድ አቆመ። አስተዳዳሪ ሆኖ የሚመረጠው ሰው ካፒታል ባይኖረው ከሚደርሰው የትርፍ ድርሻ ላይ እየቀረ ቀስ በቀስ ይሞላለታል። ተሰናባቹ ወይም ወራሾቹ ገንዘባቸውን ይወስዳሉ፤ በአስተዳደሩ ላይ ግን አንዳች መብት የላቸውም።

ጉድለት አልነበረውም ለማለት አልደፍርም። ድርጅቱ ከአንድ ሺህ በላይ ሠራተኞች በነበሩት ጊዜ የአስኳሉ አባላት ከመቶ እምብዛም የማይበልጡ ነበሩ፤ የቀሩት ገንዘብ እንጂ ድምፅ አልነበራቸውም። የቀለም ሥራ በበጋ የሚበዛ፣ በክረምት የሚቀዘቅዝ ስለ ሆነ ብዙው ሰው መጥቶ የሚሄድ ነበር፤ ለሚሄድ ሰው ድምፅ መስጠት እንደሚያስቸግር ይገባኛል። ሆኖም ማን ጨዋ ማን ባለጌ እንደ ሆነ ጥቂቶች የሚወስኑበት ደንብ ለአድልዎ በር እንደሚከፍት መካድ አይቻልም። ለክሌር ራሱም በብዙ ነገር እንደ አባት የሚያዝ፣ የሠራተኛውን የቤት ኑሮ ሳይቀር ለማረም የሚሻ ሰው ነበር።

ይሁን እንጂ ይህ እንደ አባት የሚያዝ ሰው ብዙ ባለቤቶች የማይችሉትን አንድ ነገር ቻለ። በ1865 ሥራውን ለደፉርኖ ትቶ ከፓሪስ ወጣ ብላ በሴን ወንዝ ዳር ወደምትገኝ ኤርብሌ ወደምትባል መንደር ሄደና ተቀመጠ። አልታመመም፤ ድርጅቱም አልከሠረም። የሄደው ድርጅቱ እርሱ በሕይወት ሳለ ያለ እርሱ መኖርን እንዲለምድ ነው። የመንደሯ ሰዎች ከንቲባ አድርገውት ጥቂት አገለገለ። አንድ ዲዛይን ስንፈትሽ ዋናውን ተሸካሚ በሐሳባችን እናነሣና የቀረው ይቆም እንደ ሆነ እናያለን፤ ለክሌር በራሱ ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው። የ1869ኙ ደንብም የተጻፈው ከዚህ የፈተና ዘመን በኋላ በመሆኑ፣ በወረቀት ላይ ከታሰበው ይልቅ በሥራ የታየውን ይዟል።

ለክሌር በ1872 ኤርብሌ ውስጥ ዐረፈ። የተወው ሀብት ወደ 1,200,000 ፍራንክ እንደሚደርስ ተገምቷል። ለሠራተኛ ማካፈል አሠሪን ያደኸያል ለሚሉት ይህ በቂ መልስ ሊሆን ይችላል፤ እርሱም በሕይወቱ ሳለ በተለመደው መንገድ ቢሠራ ኖሮ የዚህን ጥቂቱን እንኳ እንደማያገኝ ይናገር ነበር።

ስሙ ከፈረንሳይ ውጭ የተሰማው ገና በሕይወት ሳለ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ስቱዋርት ሚል በ1848 ባሳተመው የኢኮኖሚ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ሥራው በሰፊው ጻፈ። በአሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ የቧንቧ ዕቃ አምራቹ ኔልሰን የትርፍ ክፍፍልን በድርጅቱ ሥራ ላይ ካዋለ በኋላ በ1890 ለሠራተኞቹ የመሠረታትን መንደር ለክሌር ብሎ ሰየማት። በፓሪስ ደግሞ በኤፒኔት መናፈሻ ውስጥ ቀራጺው ዳሉ የሠራው ሐውልት በ1896 ቆመለት፤ ለክሌር አንድ ቀለም ቀቢ ሠራተኛን እጁን ይዞ ወደ ላይ ሲያወጣ የሚያሳይ ነው። ነሐሱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመን ወረራ ጊዜ ቀልጦ፣ በ1971 እንደ ገና ተሠርቶ ተተክሏል።

እኔ ግን ስለ ሐውልቱ ከሚነገረው ይልቅ በ1875 የሆነው ነገር ይበልጥብኛል። በዚያ ዓመት ደፉርኖም ሞተ። መሥራቹ ከሞተ ሦስት ዓመት ብቻ ሆኖት ነበር፤ ሁለቱም የቀድሞ ጌቶች አልፈዋል። የሁለቱም ወራሾች ገንዘባቸውን የመጠየቅ መብት ነበራቸው፤ ድርጅቱን የመሸጥ ወይም የመዝጋት መብት ግን አልነበራቸውም። አስኳሉ በደንቡ መሠረት ተሰብስቦ ድምፅ ሰጠ፤ ከታች ከሠራተኝነት የተነሣ ሰውም መረጠ። በበሩ ላይ ያለው ስም ተለወጠ። ቀለም ቀቢዎቹ በማግስቱ መሰላላቸውን ይዘው ወደየደንበኞቻቸው ቤት ሄዱ፤ ድርጅቱም በሠራተኞች በሚመረጡ አስተዳዳሪዎች እየተመራ ወደ 20ኛው ምዕተ ዓመት ተሻገረ።